አርመናዊ አያታችንን በሰነድ ለመዘከር፦ ፎቶ፣ ካሴት፣ ደብዳቤና የማይገጥሙ ቀኖች

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ)
ሰላም ለቤቱ። ለእልቂቱ መታሰቢያ ቀን፣ ለሚያዝያ 16 ቀን 2019፣ እንዲደርስ የአያታችን መታሰቢያ መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። አርመን ናቸው፤ ከ1907ቱ የኦቶማን ቱርክ የአርመኖች እልቂት በልጅነታቸው ተርፈው፣ ኢየሩሳሌም አድገው፣ በጅቡቲ ባቡር መጥተው ናዝሬት የቀሩ። በእጅ ያለው ይኸው፦ 60 ያህል ፎቶ (ግማሹ ገጹ በሚያጣብቅ አልበም ውስጥ ነው፣ አንድ ትልቁ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል)፣ ድምፃቸው ያለበት 3 ካሴት (አንዱ ሲጫወት ያፏጫል)፣ በአርመን ፊደል የተጻፉ 5 ደብዳቤዎች፣ በዓረብ ፊደል የተጻፈ አንድ የታጠፈ ወረቀት፣ የፈረንሳይኛ ማኅተም ያለበት የጉዞ ሰነድ።
ከየት ይጀመራል? እዚሁ አዳማ የሚሠራውስ የቱ ነው? ቀኖቹ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም፤ እንዴት ይታረቃሉ? ቤተሰቡ ደግሞ «ከአርባ ልጆች አንዱ ናቸው» ይላል፤ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርመን ወላጅ አልባ ልጆች ማለቱ ነው፤ ይህ በምን ይጣራል?

ኔጋቲቭ
ካሴቱ ይቅደም። ፎቶ ጥሩ ቦታ ከተቀመጠ ዓመት ይጠብቃል፤ ካሴት ግን ራሱም ያረጃል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው።
ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ምንም ነገር ከቦታው ሳይነሳ ሁሉም በስልክ ይነሣ፦ የአልበሙ እያንዳንዱ ገጽ፣ ደብዳቤው በፖስታው ውስጥ እንዳለ፣ ካሴቱ ከነሽፋኑ። ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ ነው። አልበሙን ያዘጋጁት ሰው ማንን ከማን አጠገብ እንዳደረጉ አንዴ ከተበተነ ተመልሶ አይገኝም። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩ የሚጻፈው በዕቃው ላይ ሳይሆን በሚገባበት ፖስታ ላይ ነው።
አቀማመጡን በተመለከተ፦ አዳማ ላይ ትልቁ ጠላት ሙቀትና አቧራ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ ላይ ወይም ቁም ሣጥን አናት ላይ አይቀመጥ። ከሲሚንቶ ወለልና ከውጭ ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ አኑሩት። ናፍታሊን አብሮ አይግባ። ሽታው የሚከረፍፍ ለስላሳ ፕላስቲክ ፎልደርም ፎቶን በጊዜ ብዛት ያጣብቃል፤ ተራ ነጭ ወረቀት ይሻላል።

ቴፕ ሪከርደር
ኔጋቲቭ ልክ ነው። ስለ ካሴቱ፦
መጀመሪያ ከላይኛው ጠርዝ ያሉት ሁለቱ ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበሩ። ይህ ሳይደረግ አንድ ሰው የተሳሳተ ቁልፍ ከተጫነ የአያትየው ድምፅ ላይ ይቀዳበታል። ቀጥሎ ካሴቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ በመስኮቱ እዩት። በቴፑ ጥቅል ጎን ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ አታጫውቱት፣ ማጫወቻውንም ሌሎቹን ካሴቶችም ይበክላል። በደረቅ ቦታ ለብቻው ይቀመጥና ለባለሙያ ይሰጥ።
ከቴፑ ፊት ለፊት፣ መሐል ላይ፣ በቀጭን የመዳብ ላሜራ ላይ የተጣበቀች ትንሽ ስፖንጅ አለች። ቴፑን ከማጫወቻው «ሄድ» (ድምፁን ከቴፑ ከሚያነበው ብረት) ጋር የምታስጠጋው እሷ ናት። በአሮጌ ካሴት ሙጫዋ ይደርቅና ትወድቃለች፤ ያኔ ድምፁ ታፍኖ ወይም ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ብዙ ሰው «ካሴቱ ሞቷል» ብሎ የሚጥለው በዚህች ምክንያት ነው። መድኃኒቱ የማይፈለግ ካሴት ፈትቶ ቀፎውን መዋስ ነው። ቀፎው 5 ብሎን ካለው በትንሽ መፍቻ ይከፈታል፣ ሁለቱ ጥቅሎች ሳይላቀቁ ወደ አዲሱ ቀፎ ይዛወራሉ። ብሎን የሌለው በሙጫ የተዘጋ ነውና በስለት ጠርዙን ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ አይመከርም።
የሚያፏጨው ካሴት፦ ሳይቀዳ በፊት እስከ መጨረሻ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይጠቅለል። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ጥቅል አንዱ ቦታ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ስለሚቆይ ነው። ሄዱና የላስቲክ ሮለሩ ይጽዱ፤ ሄዱ በ90 ከመቶ በላይ በሆነ አልኮል በረጠበ ጥጥ፣ ሮለሩ ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ፣ አልኮል ላስቲኩን ያደርቀዋል። አሁንም ካፏጨ ቀፎ ይቀየርለት።
አቀዳዱ፦ ከማጫወቻው (ዴኩ) የመስመር መውጫ፣ ከሌለ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ፣ በገመድ ወደ ዩኤስቢ የድምፅ ካርድ። የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ አይሆንም፤ ድምፁን ያፍናል። በስፒከር እያጫወቱ በስልክ መቅዳትማ ዝናብና የባጃጅ ጡሩምባ መጨመር ነው። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ቅንብሩ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን፤ ፋይሉ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዓይነት) ይቀመጥ። የድምፁ ከፍታ ጫፉ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም፤ ቀዩን ከነካ የተቆረጠው አይመለስም። የ60 ደቂቃ ካሴት በዚህ አቀዳድ 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል።
ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ከመሰለ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በሩብ ዙር ብቻ እያላወሱ «ስ» እና «ሽ» የሚሉት ድምፆች ጥርት የሚሉበት ላይ ያቁሙ። ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት ለየብቻው ይደረጋል።

አቧራ ጠጪ
ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አባባል ሲበዛ ሥራ አይጀመርም። ፎቶና ደብዳቤውን ላሚኔት አስደርጉት፣ ለዘለዓለም ይቀመጣል፣ ርካሽም ነው።

የዶሴ ጠባቂ
በፍጹም! ላሚኔት ማለት በ100 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ፕላስቲክን ከወረቀቱ ጋር ማቅለጥ ነው። አይላቀቅም። ውስጡ የቀረው እርጥበትና አሲድ ወረቀቱን ከውስጥ ያቃጥለዋል፤ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ላዩ ይቀልጣል። ስኮችም እንዲሁ፦ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቡናማ ይሆንና ፊደሉን ይበላዋል። የተቀደደ ካለ ሁለቱም ቁራጭ ሳይጣበቅ አንድ ፖስታ ውስጥ ይግባ።
ደብዳቤዎቹን ስትከፍቱ እጥፋቱን በጣት አታሹት። ደርቆ የሚሰባበር ከሆነ በግድ አትዘርጉት፤ የሚታየውን ብቻ አንሡና ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይሂድ።
አሁን ወደ ዋናው። በአርመን ፊደል የተጻፈ ሁሉ አርመንኛ አይደለም። የአይንታብ፣ የማራሽ፣ የአዳና አካባቢ አርመኖች ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ቱርክኛ ስለነበር ቱርክኛውን በራሳቸው ፊደል ይጽፉት ነበር። ስለዚህ አርመንኛ የሚያነብ ሰው አግኝታችሁ «ፊደሉን አነበብኩት፣ ቃሉ ግን አልገባኝም» ቢላችሁ ደብዳቤው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ይቀዳ፣ ቅጂው ለቱርክኛ ተናጋሪ ይላክ።
በዓረብ ፊደል የተጻፈውም እንደዚሁ ነው። አዳማ ዓረብኛ የሚያነብ አይጠፋም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1928 ቱርክኛም በዚሁ ፊደል ይጻፍ ነበር። መለያው ይህ ነው፦ ከሥሩ ሦስት ነጥብ ያለው «ፕ» ወይም «ች» ካለበት ዓረብኛ አይደለም፣ በእናንተ ሁኔታ የኦቶማን ቱርክኛ ሳይሆን አይቀርም። አናቱ ላይ የተጠላለፈ የሱልጣን ፊርማ ካለ ደግሞ የመንግሥት ወረቀት ነው፤ ምናልባትም ኑፉስ የሚሉት የነዋሪነት ማስረጃ። እሱ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታና ዓመት ይዟል።
የጉዞ ሰነዱ፦ ኢየሩሳሌም በወቅቱ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። የፈረንሳይኛው ማኅተም ከጅቡቲ የተመታ የመተላለፊያ ፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን በደንብ አንብቡት፣ የመግቢያውን ሳምንት ሊነግራችሁ ይችላል። «ናንሰን» የሚል ስም ካገኛችሁ አገር አልባ ለሆኑ ስደተኞች የሚሰጥ ፓስፖርት ነው፤ ለአርመኖች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፣ ስለዚህ ሰነዱ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም።

የፍራንኮ ልጅ
ከሥሩ ሦስት ነጥብ ያለው ፊደል አለበት። እንግዲህ ቱርክኛ ነው ማለት ነው። አናቱ ላይ ያለው ዓመት 1331 ይላል። ይህ ምን ማለት ነው?

ባሕረ ሐሳብ
1331 የሩሚ ዓመት ሳይሆን አይቀርም፤ ኦቶማኖች ለመንግሥት ሥራ የሚጠቀሙበት። ዓመቱ ማርች 1 ይጀምራል፣ ያውም በአሮጌው የጁልየስ አቆጣጠር። 584 ሲደመርበት 1915 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ ከዋለ ግን 585 ነው የሚደመረው። ተመሳሳይ ወረቀት ላይ 1333 የሚል ሌላ ዓመት ካለ ስሕተት አይደለም፣ የሂጅራው (የእስልምናው አቆጣጠር) ነው።
በዚያ ዘመን አንድ ቀን አራት ስም ይኖረዋል። ምሳሌው ራሱ የመታሰቢያው ቀን ነው። በቁስጥንጥንያ የአርመን ምሁራን የታሰሩት እ.ኤ.አ. አፕሪል 24 ቀን 1915 ነው። በሩሚ 11 ኒሳን 1331። በአሮጌው አቆጣጠር የሚጽፍ አርመን ደብዳቤው ላይ አፕሪል 11 ይላል። በእኛ ሚያዝያ 16 ቀን 1907። ስለዚህ ሁለት ሰነድ በ13 ቀን ከተለያየ አንዱን ሐሰተኛ አታድርጉ፤ መጀመሪያ አቆጣጠሩን ጠይቁ።
ሦስት ወጥመዶች፦
ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1917 ሩሚውን ከጎርጎርዮሱ ጋር ለማስተካከል 13 ቀን ዘላለች። ከፌብሯሪ 15 ቀጥሎ ማርች 1 ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ላለ ሰነድ 13 አይጨመርም።
የአርመን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ አዲሱ አቆጣጠር ገብታለች፤ የኢየሩሳሌሙ መንበር ግን በዓላቱን እስከ ዛሬ በአሮጌው ያከብራል፤ ልደትን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 19 ነው። ኢየሩሳሌም ያደገ ሰው «በገና ማግሥት ወጣን» ቢል የቱ ገና እንደሆነ ልብ ይባል።
ወደ እኛ ሲዞር፦ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሆነ በሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ከስልክ መቀየሪያዎች ውስጥ ይህን የሚስቱ አሉ።
በመጽሐፉ ላይ ሁልጊዜ በሰነዱ ላይ እንዳለ ጻፉ፣ ከሥሩ የተቀየረውን። የተቀየረውን ብቻ ማስቀረት የሚቀጥለውን አጣሪ ያሳውረዋል።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
ስለ ስሙ ልጨምር፤ መዝገብ ላይ ስትፈልጉ የምትወድቁበት እሱ ነው። ከኦቶማን ምድር የመጡ አርመኖች የሚናገሩት ምዕራባዊውን አርመንኛ ነው፣ በአርመን ዋና ከተማ በየሬቫን ያለው ምሥራቃዊው ነው። አንዱ «ክ» ያለውን ሌላው «ግ»፣ አንዱ «ፕ» ያለውን ሌላው «ብ» ይላል። ጋራቤድና ካራፔት አንድ ስም ነው። ቤድሮስና ጴጥሮስ፣ ሃጎፕና ሃኮብ፣ ክሪኮርና ግሪጎር፣ ኬቮርክና ጌቮርግ እንዲሁ። በዚያ ላይ ፈረንሳይኛ ጻፊው እንደ ሰማው፣ የእኛ ጸሐፊ ደግሞ እንደ መሰለው ይጽፈዋል። የእኛ አገር መዝገብ የሚቀበለው ስምና የአባት ስም ስለሆነ «ያን» ብሎ የሚጨርሰው የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ ጭራሹን ወድቋል። ስለዚህ ስትፈልጉ አራቱንም አምስቱንም አጻጻፍ ይዛችሁ ሂዱ።
የከተማ ስምም ተቀይሯል። አይንታብ ዛሬ ጋዚአንቴፕ ነው። ዜይቱን ሱሌይማንሊ፣ ሲስ ኮዛን፣ ዲክራናገርድ የሚሉት ዲያርባኪር ነው። ካርፔርት ወይም ሃርፑት ከኤላዚግ ጋር ተያይዟል። በካርታ ላይ የድሮውን ስም ፈልጎ ያጣ ሰው «አያቴ የተወለዱበት መንደር የለም» ብሎ እንዳይጽፍ።

የዶሴ ጠባቂ
መልካም ብለዋል ሐይቅ ዳር። ሰነዱ ላይ ያለውን ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ሁሻማድያን የሚባለውን ድረ ገጽ እዩ፤ የኦቶማን አርመኖችን ሕይወት በየከተማው እየለየ፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውን፣ ዕደ ጥበቡን ያስቀምጣል። ስለ አያትየው በስም አታገኙም፤ ያደጉበትን ሠፈር ግን ታገኛላችሁ።
በስም ለመፈለግ ደግሞ፦ ጄኔቫ ያለው የመንግሥታቱ ማኅበር መዝገብ ውስጥ የሐለብ (አሌፖ) መጠለያ መዝገቦች አሉ። በበረሃ ከየቤቱ የተሰበሰቡ ከአንድ ሺህ በላይ ሴቶችና ሕፃናት፣ ብዙዎቹ ከነፎቶአቸው፣ የት እንደተወለዱና እንዴት እንደጠፉ በአጭር በአጭሩ ተጽፎላቸዋል። ፓሪስ ያለው የኑባር ቤተ መጻሕፍት የተራፊዎች ምስክርነት ይዟል። የሬቫን፣ ፂፂርናካቤርድ ኮረብታ ላይ ያለው የእልቂቱ ሙዚየምና ጥናት ተቋም ከቤተሰብ የሚመጣ ፎቶና ሰነድ ቅጂ ይቀበላል። ኢየሩሳሌም የአርመን ፓትርያርክነት፣ የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም። እዚህ አገር ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፤ ተቋሙ የድሮ ፎቶ ስብስብም አለው።
ስትጽፉላቸው «ስለ አያቴ ያላችሁን ላኩልኝ» አይሠራም። ስም በሁሉም አጻጻፍ፣ የአባት ስም፣ ከተማ፣ የልደት ዓመት ከዚህ እስከዚህ፣ የመጡበት ዓመት፣ ያላችሁ ሰነድ ቅጂ። ከአንድ ገጽ አይለፍ።

የፍራንኮ ልጅ
እግዜር ይስጥልን። የአርባ ልጆቹ ጉዳይስ?

ባሕረ ሐሳብ
እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይሻላል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የሙዚቃ ቡድን አዩ፤ በፓትርያርኩ ፈቃድ 40ዎቹን አመጧቸው። አሠልጣኛቸው የአይንታቡ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን 1916። አዲሱ ዓመት 5 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ቤተሰብ «በ17 መጡ» ቢል፣ ወረቀት «በ16» ቢል አይጣሉም።
ግን አርመን ሁሉ ከአርባው አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነጋዴ፣ አንጥረኛ፣ ልብስ ሰፊ ሆነው የመጡ አሉ፤ የሰርኪስ ባቡር የሚባለውን የእንፋሎት ተሽከርካሪ ያመጡት ሰርኪስ ቴርዚያን የዚያ ዘመን ሰው ናቸው። ከእልቂቱ በኋላም ዘመድ ፍለጋ በየግላቸው የገቡ ብዙ ናቸው። ማኅበረሰቡ በደጉ ዘመን ከሺህ ይበልጥ ነበር፤ ከ1967ቱ የትርፍ ቤት ውርስ በኋላ አብዛኛው ተበተነ። በኢየሩሳሌም በኩል መምጣት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።
ማጣሪያው፦ የጅቡቲው ማኅተም ቀን ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ 1924 ላይ ይወድቃል ወይ? በካሴቱ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ይጠራሉ ወይ፣ የቱን ይጫወቱ ነበር? የቡድን ፎቶ ካለ ዩኒፎርም ለብሰዋል ወይ? ዕድሜያቸውስ ያኔ ለሙዚቃ ቡድን ይደርሳል ወይ? ከእነዚህ ሁለቱ ከገጠሙ «እንደሚነገረው» የሚለውን ማንሣት ይቻላል። ካልገጠሙ «ቤተሰቡ ከአርባ ልጆች አንዱ ናቸው ብሎ ያምናል» ተብሎ ይጻፍ። የተረፈ ሰው ክብሩ በአርባው ውስጥ በመቆጠሩ አይደለምና ጌጥ አያስፈልገውም።

ኔጋቲቭ
ወደ ፎቶው ልመለስ።
የሚያጣብቀው አልበም፦ ላዩ ያለው ፕላስቲክ ቀስ ተብሎ ከጥግ ይገለጥ። ፎቶውን በጥፍር አታንሡት። የጥርስ መጎርጎሪያ ክር ከጥጉ ጀርባ አስገብታችሁ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ እንደ መጋዝ ቁረጡት። መታጠፍ ከጀመረ ተዉት፤ ገጹን እንዳለ ስካን አድርጉት።
ከመስታወት ጋር የተጣበቀው፦ አይነካ! እርጥበት ላዩን አልስልሶት መስታወቱ ላይ ደርቋል፤ ስትስቡት ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ይነሣ። ቀጫጭኖቹ ዘመናዊ ስካነሮች ከመስታወታቸው በላይ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ርቆ ያለን ነገር ያደበዝዛሉ፤ ወፈር ያለው የድሮ ዓይነት ስካነር ያነሣዋል። እሱ ካልተገኘ በካሜራ፦ ፎቶው ጠፍጣፋ ይተኛ፣ ካሜራው ከላይ ቀጥ ይበል፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ፍላሽ የለም፣ አንሺው ጥቁር ልብስ ይልበስ፤ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ ይታያል።
ለሌሎቹ፦ 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት)፣ 6 በ9 የሆነው ወይም ጉርድ ፎቶ በ1200። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን ይደረግ፤ ቡናማነቱና የማኅተሙ ቀለም መረጃ ነው። ዋናው ፋይል ጥራቱ በማይቀንሰው በቲፍ፣ የሚላላከው ቅጂ ተጨምቆ በሚያንሰው በጄፔግ ይቀመጥ። 10 በ15ቱ በቲፍ 26 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ጀርባውም ይነሣ፣ ባዶ ቢመስልም፦ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የወረቀቱ ፋብሪካ ስም፣ የእርሳስ ጽሑፍ በጎን ብርሃን ይወጣል። የስካነሩ መስታወት በየአምስት ፎቶው ይጠረግ፤ የአዳማ ንፋስ አያስቀምጥም።
አንድ ነገር ደግሞ፦ ስልክ ላይ ያሉት «ፊት ጥርት ማድረጊያ» መተግበሪያዎች ፊቱን አያጠሩትም፤ የሌላ ሰው ዓይንና ጥርስ ፈጥረው ይለጥፉበታል። የአንድ ሕዝብ ፊት በጠፋበት ታሪክ ውስጥ የተፈጠረ ፊት ማስገባት አይገባም። አቧራና ጭረት ማንሣት ይቻላል፣ እሱም በቅጂው ላይ ብቻ።

አቧራ ጠጪ
የላሚኔቱን ነገር ተምሬያለሁ፣ ይብቃችሁ 🙂። ቅጂውን የት እናስቀምጥ? ፍላሽ ይበቃል?

ቴፕ ሪከርደር
ፍላሽ ለመሸከሚያ ነው፣ ለማኖሪያ አይደለም። ሦስት ቅጂ፦ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከአዳማ ውጭ ያለ ዘመድ ዘንድ ወይም ክላውድ ላይ። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ቀጥታ በሶኬት የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ አትገልብጡ፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ዲስኩም ሊበላሽ ይችላል።
የካሴቱን ጽሑፍ ማውጣት አትናቁት። አንድ ሰዓት ድምፅ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፣ ቋንቋ ከተቀላቀለ ከዚያም በላይ። በየሁለት ደቂቃው ሰዓቱን ጻፉ። ወደ አርመንኛ ወይም ቱርክኛ ሲዞሩ «እዚህ ቋንቋ ቀየሩ» ተብሎ ምልክት ይደረግ። ዝምታውንም ጻፉ፤ «12 ሰከንድ ዝም አሉ» የሚለው ከብዙ ቃል ይበልጣል። ሳሉ፣ ሳቁ፣ ልጅ ገባ፣ ሁሉም ይገባል። አማርኛቸውን አታርሙ። «ሄዶ ነበረ እናቴ» ካሉ እንደዚያው ይቀመጥ።

ተዝካር
ስለ ጸሎቱ የጠየቀ የለም፤ ግን ቀኑን ለዚያ ከመረጣችሁት ሁለት ነገር ልበል።
የአርመን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. አፕሪል 23 ቀን 2015፣ በእኛ ሚያዝያ 15 ቀን 2007፣ በእልቂቱ የሞቱትን ቅዱሳን ብላ ሰይማለች። ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ 16 ለእነሱ ፍትሐት አይደረግም፤ ሰማዕታት ናቸውና አማልዱን ይባላሉ። አያታችሁ ግን ተርፈው፣ ዕድሜ ጠግበው ያረፉ ናቸው፤ ለእሳቸው ፍትሐቱ ይደረጋል። አዲስ አበባ ወዳለው የቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከሄዳችሁ ሁለቱን ለያይታችሁ ጠይቁ፤ የተገደሉትን ወላጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ስም ከእሳቸው ጋር በአንድ ወረቀት አትስጡ።
ሁለተኛው ድግሱ ነው። በ2019 ፋሲካችን ሚያዝያ 24 ነው። ሚያዝያ 16 የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ይሆናል። አርመኖቹ በአዲሱ አቆጣጠር ፋሲካን ቀደም ብለው ያከብራሉ፣ የእኛዎቹ እንግዶች ግን ጾም ላይ ናቸው። ሥጋ አታዘጋጁ። በዘይት የተሠራ የወይን ቅጠል ዶልማ፣ ሩዝና ሽንኩርት የገባበት፣ ለሁለቱም ወገን ይሆናል፤ ከሽሮውና ከአዚፋው አጠገብ ቢቀርብ አያታችሁም አይከፉም።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)
በሕይወት ያሉ ልጆቻቸው ካሉ ከመጽሐፉ በፊት እነሱ ይቀዱ። ጥያቄውን ከሞት ታሪክ አትጀምሩ። ፎቶ ይዛችሁ «ይህ ማነው?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ታሪኩ ከፎቶው ራሱ ይመጣል። ምን ይበሉ ነበር፣ በምን ቋንቋ ይቆጡ ነበር፣ በምን ቋንቋ ይቆጥሩ ነበር? ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚቆጥረው በልጅነት ቋንቋው ነውና መልሱ «ደብዳቤው አርመንኛ ነው ወይስ ቱርክኛ?» የሚለውን የዶሴ ጠባቂን ጥያቄም ለመመለስ ይረዳል። ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት «የአውሮፕላን ሞድ» ላይ ይሁን፣ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ፣ ፍሪጁ ይነቀል። ክረምት ከሆነ በጠዋት፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምንም አይሰማም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አቁሙ፣ አዛውንት ይደክማሉ።

የዶሴ ጠባቂ
ለማተሚያ ቤቱ፦ የወርድ ፋይል አትውሰዱ፤ የእነሱ ኮምፒውተር የእናንተን የግዕዝ ፊደል ካላገኘው መስመሩ ሁሉ ይናጋል። ፎንቱን ውስጡ ያቀፈ ፒዲኤፍ ይሁን። የአርመን ፊደል ያለበትን ገጽ ለብቻው አትማችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ፎቶው በሚታተምበት ስፋት 300 ዲፒአይ ይኑረው። የገጹ ብዛት በ4 ይካፈል፣ ካልሆነ መጨረሻው ላይ ባዶ ገጽ ይመጣል። ከመቶ ቅጂ በፊት አንድ ቅጂ ታትሞ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ይነበብ፣ አንዱ ስሞቹን ብቻ፣ አንዱ ቀኖቹን ብቻ።
በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር፦ ቁጥር፣ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ይህን የነገረን ማን እንደሆነ። በሕይወት ያለ ሰው ስምና ሠፈር ሳይጠየቅ አይግባ።

የፍራንኮ ልጅ
ካሴቱ ቅዳሜ ይጀመራል። አንድ ጥያቄ ለቴፕ ሪከርደር፦ አንደኛው ካሴት ላይ ድምፃቸው ከሚታወቀው ወፈር፣ ዘግየት ያለ ነው። ማጫወቻው ነው ወይስ ያኔ የተቀዳበት?

ቴፕ ሪከርደር
ሌላ ካሴት አስገብታችሁ እዩ። ሁሉም ከወፈረ የማጫወቻው ላስቲክ ላልቷል፣ ይቀየር። እሱ ብቻ ከሆነ ሲቀዳ ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ ግን ባትሪ ሲደክም ቴፑ ዝግ ብሎ ስለሚቀዳ፣ ዛሬ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ድምፁ የሚቀጥነው እንጂ የሚወፍረው አይደለም። ከወፈረ የያኔው መቅጃ ፈጥኖ ነበር ማለት ነው። በሶኬት የተቀዳ ከሆነ ከጀርባው የመብራት እምታ ይሰማል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ኦዳሲቲ ላይ ዝም ያሉበትን ቦታ መርጣችሁ ስፔክትረሙን (የትኛው ድምፅ በስንት ኸርዝ እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል) እዩ። እምታው 48 ላይ ከታየ ፍጥነቱ በ4 ከመቶ አንሷል፤ 50ን ለ48 አካፍላችሁ በዚያው ልክ አፍጥኑት። በቅጂው ላይ ብቻ፣ ዋናው ፋይል እንደተቀዳ ይቀመጥ፣ ስሙም ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።